ትንሿ «ት»

ዕቁቡ ደረሰኝ፣ ሐምሌ ሲጋመስ፣
ጦሳ ጉም ለብሶ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ፤
ሃያ ስድስት ሺህ ብር በፌስታል ጠቅልዬ፣
ወደ ፒያሳ ወረድሁ አባቴን አስከትዬ።
«ምንድን ነው የምትገዢው?»
«ሥዕል የሚሣልበት መስታወት።»
«መስታወትማ ሞልቷል ቤት፤
ፊት ይታይበታል እንጂ፣ ማን ይሥልበታል ፊት?»

ሦስት ዓመት በጣቴ፣ በተሰነጠቀ ስልክ፣
ስሥል ኖሬያለሁ የሰው መልክ፤
አፍንጫው ላይ ስደርስ ስንጥቁ ያዛንፈኝ ነበር፣
የኔ ሰዎች ሁሉ አፍንጫቸው ዘመም፣ እንደ ክረምት አጥር።

የሙህዲን ሱቅ ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በረንዳ፤
አባቴ በሩ ላይ ቆመ፣ ጃንጥላው እያንጠባጠበ፣ እንደ ባዕድ እንግዳ።

አንደኛውን አወጣ፤ ሰፊ ነው፣ የበር ሳንቃ፤
ዋጋውን ሲጠራው ብሬ በፌስታሉ ውስጥ ኮሽ ብሎ ነቃ።
«መልሰው» አልሁት።

ሁለተኛው ርካሽ ነው፤ ስክሪን የለውም፣ ጥቁር ሰሌዳ ብቻ፤
እጅ እዚህ፣ ዓይን እዚያ ላፕቶፑ ላይ፣ ደሴና ኮምቦልቻ፤
በጨለማ ሕፃን እንደ ማጉረስ ሆነብኝ፣
አፉን ስፈልግ ጆሮው እጄ ገባልኝ።

ሦስተኛው አሥራ ሦስት ኢንች፣ ያገለገለ፣ ጥጉ የተጫረ፤
«ኮምቦልቻ ፋብሪካ ጥለት የሚነድፍ ልጅ እጅ ላይ ነበረ፤
ስምንት ሺህ የግፊት ደረጃ አለው፤ ስትጫኚው ይወፍራል፣
ስታላዪው ይቀጥናል።»
«ስምንት ሺህ?» አለ አባቴ ከበሩ፤
«ሠላሳ ዓመት ታፔላ ስጽፍ የማውቀው ሦስት ነው፤
ክንዴ ሲጠግብ፣ ሲርበው፣
ሲሰለቸው።»

መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ፣ የብዕሩን ጫፍ አየ፤
«መስመሩ ከጫፉ ተለየ፤
ጓንት አጥልቆ እንደሚጨብጥ ሰው ነው፣ ቆዳው አይነካሽም።»
ሙህዲን ሣቀ፤ «አባባ፣ በዚህ ዋጋ ቆዳ አይገኝም።»
አራቱን ማዕዘን በብዕር አስነክቶ አስተካከለው፤
ክፍተቱ ጠበበ፤ አልጠፋም፤ የፀጉር ያህል ቀረው።
«ቀዩስ? ይሄ ቀይ ነው? ውሃ የበዛበት ቲማቲም!»
«እሱን እለምደዋለሁ፤ የጭረቱን ግን አልከፍልም።»

ሃያ ስምንት ብሎ ነበር። ሃያ አራት ላይ ስንደርስ
መብራት ሄደ።
ስክሪኑ ጨለመ፣ የጉድጓድ ውሃ መሰለ፤
ሁለታችንም እዚያ ውስጥ አለን፤
«ይኸው መስታወት» አለ።

ሸዋበር ላይ አንድ ታፔላ ነበር፣ የሱ እጅ፦ ልብስ ስፌት፤
ፊደሉን አግዝፎ ጀምሮት ቦታ ያለቀበት፤
መጨረሻዋ ት፣ በር ላይ እንደተንጠለጠለ የታክሲ ረዳት፣
አሥራ አንድ ዓመት ተሰቀለች። እሱም አሥራ አንድ ዓመት
መስጊድ ሲሄድ በላይኛው መንገድ ዞረ፤
እግሩን እያመመው፣ ለማንም ሳይናገር።
እኔ አውቅ ነበር።

መብራት መጣ። ብዕሩን ያዘ እንደ ብሩሽ፤ ትንሿ ጣቱ ስክሪኑን ተደግፋ፣
ጻፈ፦ ልብስ ስፌ። ቦታው አለቀ፤ ት ያው ጥጉ ላይ፣ ጭረቱ ሥር ተለጥፋ።
ዝም አለ።
አንዲት ቁልፍ ተጫንሁ፤ ት ጠፋች። ደግሜ ተጫንሁ፤ ፌ ጠፋ።
እጁ አየር ላይ ቀረ።
«እንዲህ ነው?»
«እንዲህ ነው፣ አባዬ።»

ሙህዲን ብሩን ይቆጥራል፣ ጣቱን በምራቅ እያራሰ፤
ዝናቡ ከቆርቆሮው ወደ ቦዩ እየፈሰሰ።
አባቴ ዓይኑን ሳይነቅል፣ ቆይቶ ቆይቶ፣ ጉሮሮውን ጠረገና
«መልሻት» አለኝ፣ «እስኪ እንደገና።»
«ማንን?»
«ትንሿን።»