የአባት ስም

ካያኒ ላይ በታኅሣሥ በስምንት ሰዓት ተኩል ይመሻል፤
ወንዙ ከላይ በረዶ ለብሶ ከሥር ያንሾካሹካል።
ዳር ላይ የቆመው አዳራሽ ድሮ ወረቀት ይሠራበት ነበር፤
አሁን ማሽን ያስብበታል፣ ሌት ተቀን፣ ያለ መብራት፣ ያለ ወንበር።
እኔ የበረዶ መቅለጥ ነው የማጠናው፦
ሚያዝያ ደርሶ ወንዙ ሲነሣ የሚወስደው
ስንት አጥር፣ ስንት ጀልባ፣ ስንት የእንጨት ድልድይ ነው?

ዓርብ ዕለት ዘጠኝ መቶ ስልሳ ሥራ ወረፋ አስያዝኩ፤
ዘጠኝ መቶ ስልሳ ዓይነት ፀደይ፦
አንዱ ዝናብ የበዛበት፣ አንዱ ደረቅ፣ አንዱ ቀድሞ የመጣ፣
አንዱ ፀሐዩ እንደ ዱብ ዕዳ በአንድ ጠዋት የወጣ።
ስክሪፕቱ ላይ፣ «የት ልጻፈው?» ለሚለው ቦታ
ቸኩዬ አንድ ቃል ሰጠሁት፦ «ውጤት»።
ይኸው ነው። ለዘጠኝ መቶ ስልሳ ልጅ አንድ ስም።
ኮቴን ደርቤ ሮጥኩ። ከአውቶቡሱ በቀር
የሚያመልጠኝ ነገር አለ ብዬ አላሰብኩም።

ቅዳሜ ቤቴ ሞቀ። የማሞቂያው ቧንቧ ሲንጣጣ ሰማሁ፤
የማሽኑ ሙቀት በውሃ ተሳፍሮ ቤት ለቤት ይዞራል እዚህ።
ከግድግዳው ማዶ ጎረቤቴ ቬንላ ልጇን ታጥባለች፤
ውሃው ይንቦጫረቃል፣ ልጁ ይስቃል።
እኔም ሥራዬ እየተሠራ ነው ብዬ ተኛሁ።

ሰኞ ስገባ የጠበቀኝ አንድ ፋይል።
አንዱ ሲጽፍ አንዱ ሲያጠፋ፣ አንዱ ሲጀምር አንዱ ሲደርብ፣
ሁሉም ሲናገር ማንም ሳያዳምጥ፣
የተረፈው የመጨረሻው ነው፤ እሱም ጅራቱ ብቻ።
የማን ፀደይ እንደሆነ አይታወቅም።
የስህተቱም መዝገብ እዚያው ውስጥ፤
ምስክርና ተከሳሽ አንድ ወንበር ላይ ተደራርበው።

ሂልካን ጠራኋት። የማሽኑ ጠባቂ እሷ ናት፤
ጡረታዋ አንድ ዓመት ቀርቶታል። አየች። ዝም አለች።
«አባቴ እዚህ አዳራሽ ሠላሳ ዓመት ወረቀት ጠቅልሏል» አለች ቆይታ፤
«ጥቅሉ ሁሉ ጎኑ ላይ በጠመኔ ይጻፍበታል፤
ቀኑ፣ ፈረቃው፣ ማሽኑ። ቁጥር የሌለው ጥቅል
ቢያምርም ባያምርም ተመልሶ ይቀቀላል።»

ከዚያ፣ «እናንተ አገር ሰው ስንት ስም አለው?»
«የራሱና የአባቱ» አልኳት።
«ደምሴ ብለሽ ብትጠሪ ግማሹ ገበያ ይዞራል፤
የአባቱን ስትጨምሪበት አንዱ ብቻ አቤት ይላል።»
«እና?» አለች፤ ሄደች።

እና ተቀምጬ ጻፍኩ።
የወረፋውን ቁጥር ለሁሉም አባት አደረግሁላቸው፤
ወንድማማቾቹን ደግሞ በተራ ቁጥር ለየኋቸው።
ስህተቱን ለብቻው፣ ውጤቱን ለብቻው፣
ማኅደሩን ሁሉ አስቀድሜ ከፈትኩ፦
ቤት ሳይሠሩ እንግዳ አይጠራም፤
ማሽኑም የታዘዘውን ቤት ቢያጣው
ራሱ አይሠራም። ድምፅ ሳያሰማ ይሞታል።
ሦስቱን ብቻ ልኬ አየሁ። ስማቸውን ይዘው መጡ።
ከዚያ ሁሉንም።

ረቡዕ ቆጠርኳቸው። አልጎደሉም።
የስህተት ፋይሎቹ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፤
እንዲህ ደስ የሚል ባዶነት አይቼ አላውቅም።
አራት መቶ አሥራ ሰባተኛው ሲቀር። ከፈትኩት፤ አንድ መስመር፦
«የበረዶው ጥልቀት ከዜሮ በታች ነው፤ ቆሜያለሁ።»
ስሙን ከነአባቱ ጠራሁት፤ አቤት አለኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

የዓርቦቹ ነገር ግን ከልቤ አልወጣም።
ያሰቡት ጠፋ፤ ያላቡት ቧንቧ ለቧንቧ ሄዷል።
ዛሬ ማታ ቬንላን ደረጃው ላይ አገኘኋት፤
ልጇን ታቅፋለች፣ ጉንጩ ቀልቷል።
«ያ ቅዳሜ!» አለችኝ፣ «እንዴት ያለ ሙቀት ነበር!»
ከየትኛው ፀደይ እንደመጣ ልነግራት ፈልጌ
ፋይል የለኝም።