ይገባኛል

ደሴ ፍርድ ቤት በር፣ ከግንቡ ጥግ ሥር፣
ጦሳ ጉሙን ሳይጥል፣ ችሎት ሳይጀመር፣
ላስቲክ እወጥርና ታይፔን አወጣለሁ፤
በገጽ ሃያ ብር ነው፣ ክስ እጽፋለሁ።
የታይፔ «ሐ» ፊደል አንድ እግሯ የለም፤
«ሐቅ» ብዬ ስመታ ሙሉ ወጥቶ አያውቅም።

ሰኞ በማለዳ ሙሄ ይማም መጣ፣
ጫማው ጭቃ ብቻ፣ ፊቱ ሙሉ ቁጣ።
«ጻፊ» አለ ሳይቀመጥ፤ «እንደሚታወቀው…»
እጄን አነሣሁና፣ «ማነው የሚያውቀው?»
«ሰዉ ሁሉ ነዋ!»
«ሰዉ ሁሉ ስም አለው?
ችሎት ሲጠራ ‹አቤት› የሚለው የትኛው ነው?»
ካፖርቱን ሰብስቦ ወደ ጦሳ አየ፣
ከብዙው ወሬ ውስጥ አንዲት ቃል ለየ፦
«ድንበራችን ወንዙ። በቃ፣ ይኸው ወንዙ፤
ከወንዙ ወዲህ ያለው ያባቴ ነው ወዙ።
ተሻግራ ዘራችው ሞሚና እሸቱ፤
‹ይገባኛል› ብለሽ ጻፊው፤ የኔ ነው መሬቱ።»
መታሁለት። ያቺን ቃል አጥብቆ ሲናገር
ጥርሱ ሲፋጭ ጭምር ይሰማኝ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት ላይ፣ ዝናብ እያካፋ፣
ሞሚና መጣች፣ ክሱን እንደ ጨቅላ አቅፋ።
«ማን ጻፈው?» አለችኝ። «እኔ ነኝ።» አልዋሸሁም።
«በይ መልሱንም ጻፊ፤ ሌላ እጅ አላምንም።»
«ምን ልበል?»
«እንዲህ በይ፦ ድንበራችን ወንዙ፤
ከወንዙ ወዲህ ያለው ያባቴ ነው ወዙ።»

ጣቴ ፊደሉ ላይ ደርቆ ቀረ። ያው ቃል!
በአንድ ዐረፍተ ነገር ሁለት ሰው ይምላል።

«ሞሚና» አልኳት፣ «ወንዙ ስትዪ የቱን?»
«ሌላ ወንዝ አለ እንዴ? ቦርከናን ነው፤ እሱን!»
ከዚያ ግን ዝም አለች፣ በጣቷ ቆጠረች።
«የዛሬ ሦስት ክረምት…» ብላ ጀመረች፣
«ደራሽ መጣና ውሃው በወዲህ ዞረ፤
አሮጌው መሄጃ ጠጠር ሆኖ ቀረ።»

ሙሄ የሚለው ወንዝ ዛሬ የሚፈሰው፤
እሷ የምትለው አሸዋ ያለበሰው።
አንድ ስም ለሁለት ወንዝ ጌታ ሆኖ ኖሮ፣
ሁለት ቤት ከረመ ባንድ ቃል ተማሮ።
እኔስ? ሰኞ «ማን ያውቃል?» ስል፣ ብልጥ መስሎኝ ነበር፤
«የቱ ወንዝ?» አላልኩም። ቆጠርኩ ሃያ ብር።

«ውሸታም ነው ሙሄ፣ ብለሽ ጨምሪልኝ።»
«አልጨምርም፣ አብሽሪ፤ ስድብ መልስ አይሆንልኝ።
ሰውዬውን ብትሰድቢው ክሱ መች ይወድቃል?
ይልቅ ወንዙ ሲዞር ማን አየ? ማን ያውቃል?»
«የአብዬ ኑርየ የውሃ ወፍጮ አለ፤
ደረቅ መሬት ላይ ማን ወፍጮ ተከለ?»

ይህን ስትል ፊቷ በራ። እኔም ደስ አለኝ፣
ግን የሰኞው ጥፋት እንዳይደገምብኝ፣
«ሙሄ ይህን ሲሰማ ምን ይልሻል?» አልኳት።
ከላስቲኩ ጠርዝ ላይ ጠብታው ነካት፣
አልጠረገችውም።
«‹አባቶች የማሉት በሚፈሰው ነው፣
በደረቀ አይደለም› ይለኛል። …እሱም፣
እሱም ይገባኛል።»

ላላ አርጋ ነው ያለችው፣ ትንፋሿን ለቅቃ፤
ያው ፊደል፣ ያው ቃል፣ ድምፁ ብቻ ረቅቃ።
ሲጠብቅ መሬት ነው፣ አጥር ነው፣ ዱላ ነው፤
ሲላላ የጎረቤት ነገር ቤት ሲገባ ነው።
ታይፔ አይለየውም።

መልሱን ጻፍኩ። ወፍጮውን ከነባለቤቱ፣
የሙሄንም ነጥብ፣ ሳላሳንስ ከክብደቱ፤
ከሥሩ የሷን መልስ። ገንዘቧን ከፈለች፣
ጃንጥላዋን ዘርግታ ቁልቁል ወረደች።

ፍርዱን አልሰማሁም። ዳኛው «ቦታው ይታይ» ብለው
ቀጠሮ ቆርጠው ነበር፤ ዝናቡ አራዘመው።

እኔ ግን ከዚያ ወዲህ፣ ገጹን ስጨርስ፣
ከ«ይገባኛል» ራስ ላይ፣ በቁራጭ እርሳስ፣
የጠበቀ እንደሆን ነጥብ አኖራለሁ።
የመዝገብ ቤቷ ልጅ፣ «ይሄ ምንድን ነው?» ስትለኝ፣
«ዝንብ ነው» እላለሁ።