ትንኟ

ሻርጃ፣ ኢንዱስትሪያል አምስት፣ ከጎማ ቤቶቹ ጀርባ፣
ወበቁ ከደንበኛ ቀድሞ በሩን ገፍቶ ሲገባ፣
እንጨት በአርባ አምስት ዲግሪ እቆርጣለሁ፤ ፍሬም ሠሪ ነኝ፤
የሰው ሥዕል ዳር ዳሩ ነው እንጀራዬ፣ መሀሉ አይመለከተኝ።

ማክሰኞ አንድ ልጅ መጣ። ጨዋ ነው፤ አሸዋውን ከጫማው አራገፈ፤
ሸራው የተጠቀለለበትን ጨርቅ፣ እንደ አራስ ልጅ፣ ቀስ ብሎ ገፈፈ።
«ለኤግዚቢሽን ነው» አለ። «ወርቃማ ይሁን፣ ቀጭን።»

አየሁት።
የሌሊት ፈረቃ አውቶቡስ። መስኮት የተደገፈ ሰው፣
ቢጫ ሄልሜቱን ጭኑ ላይ አቅፎ፣ እንቅልፍ አፉን ያስከፈተው።

የኔ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ከፍሬም በተረፈ ጣውላ ላይ፣ ማታ ማታ የሳልኩት፣
ከመጋዙ በላይ፣ ከቀን መቁጠሪያው አጠገብ የሰቀልኩት፣
ይኸው ልጅ አንድ ቀን «ደስ ይላል» ብሎ በስልኩ ያነሳው።

ምናልባት፣ አልኩ፣ ያው አውቶቡስ ነው። ያው ድካም።
በዚህ ከተማ ስንት ሺህ አፍ መንገድ ላይ ተከፍቶ ያድራል?
እንቅልፍ የግል ርስት አይደል፤ ማንም አይቶት ማንም ይስላል።

ግን ጉንጩ ላይ፣ ከዓይኑ ሥር፣ ነጥብ አለች፤ ክንፍ ያላት።
ያኔ፣ ቀለሜ ሳይደርቅ፣ አንዲት ትንኝ ወድቃ ሞታበት፣
ባነሳት ጉንጩ ይበላሻል ብዬ እንዳለች የተውኳት፣
ከቫርኒሹ ሥር የቀረች።
እሱ ስሏታል!
በቀጭን ብሩሽ፣ በሦስት ፀጉር፣ እግሯን ሳይቀር ቆጥሯታል።
ማርያም የሳመችው መስሎት ይሆን?
ሳቄ መጣ። ከሳቁ ኋላ ደግሞ ሌላው መጣ፤
እጄን ከመጋዙ አራቅሁት፣ እስኪወጣልኝ ድረስ ጣጣ።

«ይሄ...» አልኩት።
«ሪፈረንስ ነው» አለኝ፣ ሳልጨርስ ፈጥኖ ገብቶ፣
ቃሏን እንደ ጃንጥላ ከራሱ በላይ ዘርግቶ።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ።
ያደምቃል! በዓይኔ አይቻለሁ፤
ወርቃማውን ጠርዝ ራሴ ለክቼ ገጥሜለታለሁ።

ማታ ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አቆምኳቸው፤
ሌባዬን ልፋረድ፣ እንደ ዳኛ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩላቸው።
ያኔ ነው እጁን ያየሁት። ሄልሜቱን የያዘውን፣
አውራ ጣቱን ወደ ውስጥ፣ እንደ ሕፃን፣ ያጠፈውን።
ይህ እጅ የሻፊቁል ነው፤ የክፍሌ ሰው፣ የቺታጎንጉ፤
በሲጋራ ካርቶን ላይ በእርሳስ ስሎ ትራሱ ሥር ያኖረው ነበር።
አንሥቼ ቀዳሁት። መለስኩት። አልነገርኩትም።

ቢጫውስ?
ቢጫው አለቃ ውብነህ ለቅዱሳን አክሊል የሚበጠብጡት ነው፤
ብራናውን በመርፌ በስተው፣ ከሰል በጨርቅ ቋጥረው፣
መታ መታ እያደረጉ ከመምህራቸው የወረሱትን መስመር ሲያሻግሩ፣
«መጀመሪያ ቅዳ» ይሉኝ ነበር፤ «ዓይን ኋላ ይመጣል።»
እሳቸው ከመምህራቸው፤ መምህራቸው ከማን? እንጃ።

መጽሐፍ ገልባጭ እንኳ፣ ጀርባው ጎብጦ ሲጨርስ፣
የጻፈውን፣ ያጻፈውን፣ ስም ጠርቶ ነው ቀለሙን የሚከድነው።
ስርቆት ያቺ አንዲት መስመር ስትጎድል ነው፣ አልኩ፤
ደስ አለኝ፤ ፍርድ የሰጠሁ መሰለኝ።
ከዚያ የራሴን ሥዕል ጥግ አየሁ።
ፊርማዬ ብቻ።

ሻፊቁል ውሉ አልቆ ከሄደ ዓመት አልፎታል፤ ስልኩ አይነሳም።

ሐሙስ ጠዋት መስታወቱን ወለወልኩ፣ በመብራት አየሁ፣ ደግሜ ወለወልኩ፤
ጀርባውን በካርቶን ከመክደኔ በፊት በእርሳስ ጻፍኩ፦

እጁ፦ ከሻፊቁል።
ቢጫው፦ ከአለቃ ውብነህ፣ ከመርጡለ ማርያም።
አውቶቡሱ፦ ከይርዳው፣ እዚሁ ሱቅ ውስጥ።
ሁለተኛ ጊዜ የሳለው፦ ፊት ለፊት የፈረመው።
ትንኟ፦ ከትንኟ።

በቡናማ ፕላስተር ዙሪያውን አሸግሁት።
ልጁ መጣ። «ያምራል» አለ።
«ያምራል» አልኩት። እውነቴን ነበር።

በሩ እንደተዘጋ የራሴን ከግድግዳው አወረድኩ፤
ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስተኛሁት።
እርሳሱ ገና ጆሮዬ ላይ ነበር።