ቁልፍ

ጣልያን በወጣ በሁለተኛው ክረምት፣
ዶሮ ማነቂያ ላይ፣ ከእኛ ቀጥሎ ካለው ባለ አንድ ክፍል ቤት፣
ማዳም ኢርማ ገባች፣ አንድ ሻንጣ ይዛ፤
የስፌት መኪናዋ በዱቤ ተገዛ።
ባሏን ኤደን ወደብ ወባ አስቀርቶባታል፤
ይኸን ኋላ ሰማሁ፤ ያኔማ ለልጅ ማን ይነግረዋል?

ዐሥር ዓመቴ ነው። ተላላኪዋ ነኝ።
ክር ስትል ክር፣ መርፌ ስትል መርፌ፣ ስታጣም ዝም ብላ ታየኝ።
አማርኛዋ ውሉ እንደጠፋ ልቃቂት ነበረ፤
ወንዱ ሁሉ «አንቺ» ነው፤ ሴቱም «አንተ» ሆኖ ቀረ።
ለመምሬ ቢሰጥ ካባ ልክ ስትወስድ፣ «እጅሽን አንሺ» አለች፤
መምሬም እጃቸውን አነሡ። ምን ያርጉ፣ ሴትዮዋ እንግዳ ነች።

አንድ ቀን «ቁልፍ አምጣ» አለችኝ፣ ቀና ሳትል፣ እየሰፋች፤
የኮት ቁልፍ ኖሯል፤ ኮቱን ዘርግታለች።
እኔ ግን ያየሁት ምስማር ላይ ተሰቅሎ፣
ማንም የማይነካው፣ በየማለዳው ተወልውሎ፣
አንድ ትልቅ ቁልፍ ነው፤ ብረቱ የጠቆረ።
አውርጄ ሰጠኋት። መኪናው ቆሞ ቀረ።

አልተቆጣችኝም፤ አላለቀሰችም፤
ለረጅም ጊዜ ከወንበሯ አልተነሣችም።
«ይኼም ቁልፍ?» አለች፤ «ያም ቁልፍ? በአንድ ስም?»
«አዎ» አልኳት፤ «ይኼም ቁልፍ፣ ያም ቁልፍ፤ ሌላ ስም የለንም።»
ከዚያ ሳቀች። ሳቋን ያን ቀን ነው ያወቅሁት።
«ለካ ልብስም ቤት ነው» አለች፤ እኔ እንደ ቀልድ አየሁት።

በሳምንቱ ቁልፉን በመሐረብ ቋጥራ፣
ሠራተኛ ሰፈር ወረድን፣ እኔ መንገድ ልመራ።
ሙሴ ኔርሴስ ዘንድ። አርመን ነው፤ ካይንታብ በልጅነቱ፣
በአያቱ ጀርባ ታዝሎ የወጣ፣ ሳይዘጋ የቀረ ቤቱ።
ተቀበላት። በአውራ ጣቱ የቁልፉን ጥርስ ቆጠረ።
«ቅጂ ነው?» «አይደለም።» «በሩስ?» «በሩማ ነበረ።»
«ከተማው?» «ብሬስላው።» «ሰው አለሽ?» ዝም አለች።
ጋሪ አለፈ፤ ከጋሪው ኋላ አንዲት ዶሮ ሮጠች።
«እዚህ ተይው» አላት፤ «ለበር ቁልፍ መሥራት የማንም ሥራ ነው፤
ለቁልፍ በር መሥራት ግን… እስቲ ልሞክረው።»

ሦስት ሳምንት ፈጀ። ከተጣለ የጣልያን ካሚዮን ብረት ቆርጦ፣
በአርመንኛ እየተራገመ፣ ሁለቴ ሞረድ ለውጦ፣
ጓጉንቸር ሠራላት፣ እንደ ጡብ የከበደ፤
መዝጊያው ላይ ተመታ፤ መዝጊያው ተንቋቋ፣ ጎበጠ፣ ለመደ።
አመሻሹ ላይ ኢርማ ቁልፉን ከተተችው፤
እምቢ አለ። አወጣችና የመኪና ዘይት ቀባችው።

ዞረ።
          ቀጭ። ይኸው ነው፤ እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር።
ከውስጥ ዘግታ ቀረች። ቀስ ብላ፣ ለተኛ ሰው እንደሚነገር፣
ስም ትጠራለች፤ ደጅ ቆሜ እስከ ስምንት ቆጠርሁ።
ኢርማ እርሟን አወጣች፤ እኔ በሩን ጠበቅሁ።

በነጋታው ቤቱ ወለል። የመምሬ ካባ ተሰቅሏል፤
«ነይ፣ ለኪ» አለቻቸው። ሐዘኑስ ወጣ፤ ሰዋስዉ ከየት ይገኛል?

አምና ግድግዳችን ላይ በቀይ ቀለም ተጻፈ።
ግሬደሩ ከፒያሳ ወርዶ በላያችን አለፈ።
ዘጠናን የደፈንሁት፣ በዱላ የምሄደው፣
ጓጉንቸሩን ነቅዬ ወሰድሁ፤ መዝጊያውን እሳት ይውሰደው።

አሁን አራት ኪሎ ነኝ። ከግድግዳዬ ማዶ፣ ልጇን ያዘለች እንግዳ፣
ኢኽላስ ገብታለች፣ ከኦምዱርማን፤ የሁለት ወር ኪራይ ዕዳ፣
አንድ ፍራሽ፣ አንድ ድስት አላት። እኔን «አንቺ አባባ» ትለኛለች።
ከአንገቷ ክር ላይ ቁልፍ አለ፤ ስትታጠብም አታወልቀው፣ ታጥባዋለች።

ትናንት ደረጃው ላይ «እስቲ ልየው» አልኳት።
አመነታች። ዱላዬን ግድግዳ አስደግፌ መዳፌን ዘረጋሁላት።
በአውራ ጣቴ ቆጠርሁ፦ አምስት ጥርስ፤ አንዱ ጠምሟል።
እጄ ይንቀጠቀጣል። ዓይኔም ደክሟል።
ግን ሠራተኛ ሰፈር ሞረድ የያዘ አንድ ልጅ አለ፣ ይሉኛል።