ሦስተኛው ጥራዝ

ኮሪያ፣ ከሶቤክ ተራራ፣ ከጥድ ጫካው ማዶ፣
የእንጨቱ ቡድሃ ወገቡ ተናዶ፣
ከሆድ ዕቃው መሀል፣ በቢጫ ሐር ታስሮ
አንድ መጽሐፍ ወጣ፣ ስድስት መቶ ክረምት አድሮ።

ሽፋኑ ላይ ያለው «ሦስተኛ ጥራዝ» ይላል፤
አንደኛው የት አለ? አሥረኛውስ የት ውሏል?
የተቀረጹት እንጨቶች፣ አንድ ሺህ ገበታ፣
ለወታደር ሩዝ ማብሰያ ነደዱ፣ በአንድ ማታ።

ኦክቡን መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
በቀርከሃ ስንጥር፣ እስትንፋሷን ይዛ፣ ቅጠል ከቅጠል ነጥላ፣
አሸተተችው፦ ከእንጆሪ ልጥ የተሠራው ወረቀት
አልሻገተም፤ ዛሬም አለው የጥድ ጥላሸት።
ዋናው ቃል በትልቁ፣ ትርጓሜው በትንሹ፣
ሁለት ሁለት ተርታ፣ እንደ ጉንዳን፣ ወደ ታች ሲሸሹ።

ቀራጩ መነኩሴ ዶአም ይባል ነበር፤
ስሙን አኑሮታል ከገጹ ድንበር።
እንጨቱን በባሕር ውሃ ሦስት ዓመት ነክሮ፣
በጨው ቀቅሎ፣ በጥላ ደርድሮ፣
ግራውን ወደ ቀኝ ገልብጦ ቆፈረ፤
ወረቀት እስኪያርፍበት ቃሉ ተንጋሎ አደረ።
በአንዱ መስመር ግን እጁ ስታበት፣
የተሳሳተችውን ፊደል ነቅሎ፣ ሌላ ወትፎበት፣
ከጎረቤቶቿ ጠመም ብላ ቆማለች።
ኦክቡን እሷን ስታይ ብቻዋን ፈገግ አለች።

መጨረሻው ላይ የለጋሾች ስም አለ፤
የአገረ ገዥው፣ የእናቱ፣ የሚስቱ፣ በማዕረግ ተከታተለ።
ከሁሉም በታች፣ ከጠርዙ ተጠግታ፣
የአባት ስም የሌላት አንዲት ገረድ፣ ማክዶክ፣ አንድ ስፍር ሩዝ ሰጥታ።
ለማን ነፍስ? አልተጻፈም።
ያን ሌሊት ምን በልታ እንዳደረች አልተጻፈም።
ሩዟ ሰሌዳ ሆነ፤ ሰሌዳው ሩዝ አበሰለ፤
ከሂሳቡ የተረፈው ይኸው አንድ ጥራዝ አለ።

በአርባ ሰባተኛው ቅጠል ጥያቄ ተጽፏል፦
«ሙት በስሙ ሲጠራ፣ ማነው የሚሰማው?» ይላል።
ተርጓሚው «ፍቺው እንዲህ ነው» ብሎ ጀምሯል፤
ሁለት ቃል ሄደና
ከዚያ ወዲያ ቀዳዳ ሆኗል።

«ከሌላ ቅጂ እንሙላው?» አለች ረዳቷ፣ ሀንሶል።
«ሌላ ቅጂ የለም።»
«እንግዲያው ገምተን?»
ኦክቡን መልስ አልሰጠችም።
በዋርካ ፍሬ ውሃ ቀለም የነከረችውን፣
ጥፍር የምታህለውን
ቁራጭ ወረቀት አንስታ፣ ጠርዟን በሩዝ ሙጫ ቀብታ፣
ባዶውን በባዶ ጠገነችው፤ ተነሥታም ሄደች፣ መብራቱን አጥፍታ።

አንድም ወረቀት ነው፤ አንድም ዝምታ ነው፤
አንድም ቦታ ነው፣ ለሚመጣ ሰው።
ዘልቆ ያነበበው አንድ ብቻ ነው፣ ብል፣
ማን ይሞግተኛል?
ፊደል በፊደል፣ ቅጠል በቅጠል
ሄዶ፣ ሄዶ፣
ከአንድ ስፍር ሩዝ ፊት ሲደርስ ቆሟል።