አባ ኮዳ

በኪሎ ገዛሁት ከቦንዳ ነጋዴ፤
የማን ልጅ ጥርስ ይሆን ጡቡ ላይ ያረፈ?
ግራጫው ለጀርባ፣ ነጩ ለሆድ ተረፈ።
አሞራ ገደል ላይ፣ ዓሣ ሲበለት፣
እጁን ወደ ኋላ እንዳጣመረ ጡረተኛ
አንጀት የሚጠብቅ ያ ራሰ በራ፣
እሱን ነው የምሠራ።

ቆመ ስል ወደቀ፤
በሰባተኛው ማታ በአንድ እግሩ ጸና፣
ቀይ ጡብ ግን አለቀ።
አባ ኮዳ ያለ ኮዳ!

ላሚሴ ከአልጋዋ ሥር ቤቷን አወጣች፣
ቀዩን ጣሪያ ነቀለች፤
«እንካ አባዬ፣ ለጉሮሮው» አለች።
«ዝናብ ቢመጣስ?»
«ክንፉን ይዘረጋላታ!»

መስኮቱ ላይ ናቸው፤
ጣሪያ የሌላት ቤት፣ ከላይዋ ቀይ ኮዳ።
ሐይቁ ላይ ደመና ከብዷል።
ክንፉ አይከፈትም፤
አልነገርኳትም።
ዛሬ ሌሊት ማጠፊያ ፍለጋ
ጀርባውን አፈርሳለሁ።