መነጽሬን ረስቼው ነው

ጀልባዋ ስትደርስ ዝናቡ አላባራም፤
በቺሎኤ ደሴት በሰኔ ፀሐይ አያበራም።
ስምንት አሮጌ ታብሌት በላስቲክ ጠቅልዬ፣
እንደ ትኩስ ዳቦ በካፖርቴ ከልዬ፣
ከዓሣ አጥማጆች ማኅበር አዳራሽ ገባሁ፤
ወላጆቹን ሁሉ በስም በስም ጠራሁ።

ማዕበል ሲነሳ ጀልባው ስለሚቀር፣
ልጆቹ ከቤት ናቸው ከወር እስከ ወር።
«በኢንተርኔት ይማሩ» አለ ማዘጋጃ ቤቱ፤
እንዴት እንደሆነ ግን የኔ ነው ማብራራቱ።

«ይቺን ተጫኗት» አልኩ። አውራ ጣት ወረደ።
አንዱ ስክሪን ጠቆረ፣ አንዱ ስክሪን ነደደ።
«ሞተር በገመድ ሲነሳ አውቃለሁ» አለ ኤውሎጂዮ፣
«በመዳበስ ሲነሳ ግን…» ሳቁ ሁሉም።

ኦርፌሊና አውራ ጣቷን ብትጭን አላወቃት፤
ሠላሳ ዓመት ጨውና የባሕር አረም አሻራዋን ፍቆባት።
«ሌላ ጣት ሞክሪ» አልኳት። ሞከረች ዐሥሩንም፤
ማሽኑ አላመነም ካሥሩ አንዱንም።
«እንግዲያው በይለፍ ቃል፤ ጻፊና ግቢ» ብላት፣
«መነጽሬን ረስቼው ነው» አለች፤ ጉንጯ ቀላባት።
እኔም ችኩሏ፣ «ደግ፣ በመስመር ይሁን» አልኩ፤
ዘጠኙን ነጥቦች ከፊቷ ዘረገፍኩ።
ዐይኗን ጨፈን አርጋ ጣቷን ጎተተችው፤
ውሃው ሲሸሽ ከደጇ እስከ ባሕሩ የምትወርድበትን
ጠመዝማዛ መንገድ ሣለችው።
ተከፈተ።
አጨበጨብን።
ወደሚቀጥለው ሰው አለፍኩ።

መምህር ኤሌውቴሪዮ ደግሞ፣ አርባ ዓመት በጠመኔ፣
«ይኼ ሣጥን» አሉኝ፣ «ወጣት ነው ለእኔ።»
ድምፃቸው ሰርጥ ተሻግሮ ጀልባ የሚያስቆም፣
ማክሰኞ ጠዋት ግን፣ ማይኩን ሳይከፍቱም፣
ስለ ሦስት ማዕዘን አርባ ደቂቃ አስተማሩ፤
ልጆቹ በየመስኮታቸው ጆሯቸውን እያሳዩ፣
እጃቸውን እያወዛወዙ ቢቸገሩ፣
እሳቸው (ኋላ እንደነገሩኝ)
«ዛሬስ ጸጥ ብላችኋል፣ ጎበዞች!» ብለው፣
ደስ ብሏቸው ተሰናበቱ።
ስደውልላቸው፣ «ቀይ መስመር ስሕተት ነበር» አሉኝ፤
«ዝም በል ማለት መሆኑን ማን ነገረኝ?»

«ቀላል ነው» ማለትን ያን ሳምንት ተውኩት፤
ቃሉ ራሱ በር ሲዘጋ ስላየሁት።
ያቃተው ሰው ሰምቶ፣ «ለሁሉ ቀሎ ለኔ ከበደ?» ይላል፤
ታብሌቱን ከቁምሳጥን፣ ከአንሶላ ሥር ይጥላል።

ሐሙስ ሌሊት ነው። ነፋስ ጣሪያውን ሲገርፍ፣
መልእክት መጣልኝ ከኦርፌሊና።
የሊሳንድሮ የቤት ሥራ መስሎኝ ስከፍት፣
ፎቶ አልነበረም፤ ድምፅ ነው። የቱን እንደነካች እንጃ።
መጀመሪያ ዝናብ። ቀጥሎ የእንጨት ምድጃ
ሲንጣጣ። ከዚያ ሊሳንድሮ፣ የስምንት ዓመት አስተማሪ፦
«ጣትሽን እዚህ አድርጊ፣ እማዬ። አትፍሪ።»

«ማ» ይላል።
«ማ» ትላለች።
«ሬ» ይላል።
ዝም።
ወንበር ይንቋቋል።
«ሬ» ትላለች ቀስ ብላ፣
አረም የለበሰ አለት እንደምትረግጥ ሁሉ፣
ግማሽ ክብደቷን ብቻ ጥላ።

መነጽሩ ያኔ ገባኝ።
መነጽር ኖሯት አያውቅም።
እኔ ነኝ ዘጠኝ ነጥብ ሰጥቼ፣
አጨብጭቤ ያለፍኳት።

እዚያ ላይ ኔትወርኩ ቆረጠው፤ «ማሬ—» ብሎ ቀረ።
በቋንቋቸው «ማሬያ» የባሕር መምጣትና መሸሽ ነው፤
በድቅድቅ ሌሊት እንኳ፣ ያለ ሰዓት፣
ጊዜውን ከኛ ሁሉ አስቀድማ የምታውቀው
እሷው ነች።
አንድ ፊደል ቀርቷታል።

ድምፁን አላጠፋሁትም። ለማንም አላክሁትም።
ነገ ጀልባ ካለ እሄዳለሁ።
ስለ መነጽር አላነሳባትም።